ቻትስወርዝና የካቨንዲሽ ቤተሰብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ እንግሊዝ መኳንንት ቤቶች ወሬ ሲነሳ የቻትስወርዝ ስም መጠራቱ አይቀርም። አንድ ቤተሰብ ይህን ቦታ ከያዘ ወደ አምስት መቶ ዓመት እየተጠጋው ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ተጋብተውበታል፣ ተካሰውበታል፣ ተበድረውበታል፣ ከስረውበታል። ቤቱ ግን ዛሬም ከእጃቸው አልወጣም። እንዴት ቻሉ? አብዛኛው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቻትስወርዝ የት ነው? ምን ያህል ትልቅ ነው?

በመካከለኛው እንግሊዝ፣ ደርቢሺር በሚባለው አውራጃ፣ ደርወንት ወንዝ ዳር ነው። ክፍሎቹ ከመቶ በላይ ናቸው። ጣሪያው ብቻውን ግማሽ ሄክታር ያህል ይሸፍናል። ማፍሰስ ሲጀምር የሚመጣውን ወጪ አስቡት። የባለቤቶቹ የቤተሰብ ስም ካቨንዲሽ ነው። የቤተሰቡ አለቃ ደግሞ የዴቮንሺር ዱክ ይባላል፤ ዱክ የእንግሊዝ መኳንንት ከፍተኛው ማዕረግ ነው።

የዴቮንሺር ዱክ ደርቢሺር ውስጥ ምን ያደርጋል?

ይኖራል። ዴቮንሺር ወይም ዴቮን የሚባለው አውራጃ ያለው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከቻትስወርዝ በጣም ርቆ ነው። በእንግሊዝ ግን የማዕረግ ስም የመኖሪያ አድራሻ አይደለም። ዱኩ በስሙ የተጠራበትን አካባቢ አይገዛም፣ እዚያ የመኖር ግዴታም የለበትም።

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በማን ነው?

በአንዲት ሴት። ኤልሳቤጥ ሃርድዊክ ትባላለች፤ በታሪክ የምትታወቀው ግን “ቤስ ኦፍ ሃርድዊክ” ተብላ ነው። በ1527 አካባቢ ደርቢሺር ውስጥ ተወለደች። ቤተሰቧ መሬት ነበረው፤ ገንዘብ ግን አልነበረውም። አራት ጊዜ አገባች፣ አራቱንም ባሎቿን ቀበረች። በስተመጨረሻ ከንግሥቲቱ ቀጥሎ ከሚጠሩት የአገሪቱ ሀብታም ሴቶች አንዷ ሆነች።

ለእኛ ዋናው ሁለተኛው ባሏ ነው፤ ሰር ዊልያም ካቨንዲሽ። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማትን ዘግቶ ንብረታቸውን ሲወርስ ያንን ንብረት ከሚቆጥሩትና ከሚመዘግቡት ሹማምንት አንዱ ነበር። ማር ሲቆርጥ ጣቱን የማይልስ ማን አለ? ቤስ ሌላ ቦታ ያለውን መሬቱን ሸጦ እሷ ወደተወለደችበት አገር እንዲመጣ አግባባችው። በ1549 ቻትስወርዝን በ600 ፓውንድ ገዙ። በ1552 መገንባት ጀመሩ።

ካቨንዲሽ በ1557 ሞተ። ሲሞት በሚቆጣጠረው የመንግሥት ሂሳብ ላይ ከ5,000 ፓውንድ በላይ ጉድለት ተገኝቶ ነበር። ቦታው ከተገዛበት ዋጋ ስምንት እጥፍ ይበልጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሸጦ ይገላገል ነበር። ቤስ ግን አልሸጠችም። ሦስተኛው ባሏ የንግሥት ኤልሳቤጥ 1ኛ የክብር ዘበኞች አለቃ ነበር፤ ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚሰማ ሰው ስለሆነ ዕዳው እየቀለለ ሄደ። ግንባታውም ቀጠለ። እኔ በበኩሌ የዚህ ቤተሰብ ታሪክ በዱኮች ስም መጻፉ ፍትሕ የጎደለው ይመስለኛል። መሠረቱን የጣለችው እሷ ናት።

አራተኛው ባሏ የሽሩስበሪው ኧርል ነው (ኧርል ከዱክ ዝቅ የሚል የመኳንንት ማዕረግ ነው)፤ በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ ባለመሬቶች አንዱ። ትዳሩ አላማረም። ተጣልተው ተለያዩ፤ እሱ በ1590 ሲሞት ቤስ ስድሳ ዓመት አልፏታል። በዚያ ዕድሜዋ “ሃርድዊክ ሆል” የሚባል ሌላ ግዙፍ ቤት ሠራች። መስታወት የሀብታም ብቻ በነበረበት ዘመን ግንቡን በመስኮት ሞላችው። የስሟን መጀመሪያ ፊደላት ደግሞ ማማዎቹ አናት ላይ አስቀረጸች። ማን እንደሠራው ለሚጠይቅ መልሱ ከሩቅ ይታያል። በ1608 ሞተች።

የስኮትላንዷ ንግሥት ሜሪ እዚያ ታስራ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የሽሩስበሪው ኧርል ንግሥት ኤልሳቤጥ ያሠረቻት የሜሪ ጠባቂ ሆኖ የተሾመው በ1569 ነው። እስከ 1584 ድረስ በተለያዩ ቤቶቹ እያዘዋወረ ሲጠብቃት በተለያየ ጊዜ ቻትስወርዝም ቆይታለች። እስረኛ ትባል እንጂ ከነአጃቢዎቿና ከነአገልጋዮቿ ነበረች። የእነዚህን ሁሉ ቀለብ በአብዛኛው የሚሸፍነው ኧርሉ ነው። ቤስ እና ሜሪ አብረው ተቀምጠው ጥልፍ ይጠልፉ ነበር፤ የተወሰነው ሥራቸው ዛሬም አለ። በኋላ ግን ነገሩ ተበላሸ፤ ባልና ሚስቱን ካጣሏቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የአደራ እስረኛ ነው።

ዛሬ የሚታየው ቤት ግን ሜሪ የታሰረችበት አይደለም። ያኛው ፈርሷል። ከቤስ ዘመን ቆሞ የቀረው ኮረብታው ላይ ያለው “የአደን ማማ” ነው፤ የተሠራው በ1580ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ታዲያ የአሁኑን ቤት ማን ሠራው?

አራተኛው የዴቮንሺር ኧርል፣ በኋላ አንደኛው ዱክ። አጀማመሩ በጣም ያስቃል። ሰውዬው ግልፍተኛ ነበር። ቤተ መንግሥት ውስጥ ከአንድ ኮሎኔል ጋር ተጣልቶ ስለመታው በ1687 የ30,000 ፓውንድ ቅጣት ተጣለበት። ያን ጊዜ ይህ የማይቀመስ ገንዘብ ነው። ከለንደን ሸሽቶ ቻትስወርዝ ገባና ቅጣቱን መክፈሉን ትቶ ቤት ማደስ ጀመረ። መጀመሪያ ያሰበው በደቡብ በኩል ያለውን ክንፍ ብቻ ነበር። ያ ሲያልቅ የምሥራቁ አስጠላው። ከዚያ ምዕራቡ፣ ከዚያ ሰሜኑ። በ1707 አራቱም ጎን አዲስ ሆኖ አለቀ፤ እሱም በዚያው ዓመት ሞተ።

በመሃል አንድ ትልቅ ነገር ሠርቷል። በ1688 የሆላንዱ ዊልያም መጥቶ ንጉሥ ጄምስ 2ኛን እንዲያስወግድ የጋበዘውን ደብዳቤ ከፈረሙት ሰባት ሰዎች አንዱ ነው። ነገሩ ቢከሽፍ አንገቱ ይቀላ ነበር። ተሳካ፤ በ1694 ዱክ ተባለ። የ30,000 ፓውንዱም ነገር በዚያው ተረሳ።

ማዕረጉና ቤቱ የሚተላለፉት እንዴት ነው? ሴት ልጅስ ትወርሳለች?

ማዕረጉን አትወርስም። የሚተላለፈው ለመጀመሪያው ወንድ ልጅ ነው፤ ወንድ ልጅ ከሌለ ወደ ወንድም፣ ወደ አጎት ልጅ እያለ ይሄዳል። ንብረቱም ለብዙ ዘመን ከማዕረጉ ጋር በውል ታስሮ ይተላለፍ ነበር። የዚህ አሠራር ምስጢሩ ቀላል ነው፤ አለመከፋፈል። መሬቱ በየትውልዱ ለልጆች ሁሉ እኩል ቢካፈል ኖሮ በሦስት ትውልድ ቻትስወርዝ የሚባል ነገር ባልኖረ። ለታናናሾቹና ለሴቶቹ ከባድ ነው፤ ቤቱን ያቆየው ግን ይህ ነው።

ሴቶቹ ይዘው የመጡት ሀብት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አራተኛው ዱክ በ1748 ሻርሎት ቦይል የምትባል ወራሽ አገባ። በእሷ በኩል ለንደን ውስጥ ቺዝዊክ ሃውስና በርሊንግተን ሃውስ፣ በዮርክሺር ቦልተን አቢ፣ አየርላንድ ውስጥ ደግሞ ሊዝሞር ቤተ መንግሥት ወደ ካቨንዲሾች ገቡ። ሻርሎት በ23 ዓመቷ ሞተች። ሊዝሞርና ቦልተን አቢ እስካሁን የቤተሰቡ ናቸው።

በነገራችን ላይ ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው ያሉት ዱኮች በሙሉ ዊልያም ነው ስማቸው። የቤተሰቡን ታሪክ ስታነቡ ግራ ከተጋባችሁ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ቁጥሩን ያዙ፣ ስሙን እርሱት።

ጆርጂያና ማን ናት? ለምን ይህን ያህል ታወቀች?

ጆርጂያና ስፔንሰር የአምስተኛው ዱክ ሚስት ናት። ልዕልት ዲያና የወጣችውም ከዚሁ የስፔንሰር ቤተሰብ ነው። በ1774 ስታገባ ዕድሜዋ ገና 17 ነበር። ቆንጆ፣ ተጫዋች፣ አንባቢ ነበረች፤ የለበሰችውን በነጋታው የለንደን ሴት ሁሉ ይለብሰዋል። በ1784 ምርጫ ጊዜ ለፖለቲከኛው ለቻርልስ ጄምስ ፎክስ ድምፅ ለመለመን መንገድ ለመንገድ ዞረች። ሴት ልጅ፣ ያውም የዱክ ሚስት፣ ከሥጋ ሻጭና ከእጅ ባለሙያ ደጃፍ ቆማ ፖለቲካ ስታወራ ማየት ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነበር። ጋዜጦቹ አብጠለጠሏት።

ችግሯ ቁማር ነው። የተበላችው ገንዘብ ከባድ ነበር፤ ዕዳዋን በሙሉ ለባሏ ለመናገር ዕድሜዋን ሁሉ ስትፈራ ኖረች። ቤቱ ውስጥም ሰላም አልነበረም። ጓደኛዋ ኤልሳቤጥ ፎስተር አብራቸው ገብታ ትኖር ነበር፤ ለዱኩም ልጆች ወለደችለት። ጆርጂያና ራሷ ደግሞ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆነው ከቻርልስ ግሬይ አንዲት ሴት ልጅ ወልዳ ልጅቷ ለአባቷ ቤተሰብ እንድትሰጥ ተገደደች። ጆርጂያና በ1806 ሞተች። ከሦስት ዓመት በኋላ ዱኩ ኤልሳቤጥን አገባ።

አንድ አትክልተኛ ቤቱን ዝነኛ አደረገው ይባላል። እንዴት?

ይህ የምወደው ክፍል ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር።

ስድስተኛው ዱክ፣ የጆርጂያና ልጅ፣ ሳያገባ ስለኖረ “ወንደላጤው ዱክ” ይባላል። ለንደን ውስጥ ከቺዝዊክ ሃውስ አጠገብ የአትክልት ማኅበር ቦታ ነበር። ዱኩ በዚያ ሲያልፍ አንድ ወጣት ሠራተኛ ያነጋግረው ነበር። ጆሴፍ ፓክስተን ይባላል፣ የገበሬ ልጅ ነው። በ1826፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ እያለ፣ የቻትስወርዝ ዋና አትክልተኛ አድርጎ ቀጠረውና እሱ ወደ ሩሲያ ሄደ።

ፓክስተን የመጀመሪያ ቀኑን ራሱ ተርኮታል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ሳይነጋ ደረሰ። በር የሚከፍት ሰው ስላልነበረ አጥር ዘሎ ገባ። ግቢውን ዞሮ አየ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሠራተኞቹን ሥራ አስያዘ፣ ፏፏቴዎቹን አስለቅቆ አየ፣ ከዚያ ቁርስ ገባ። ቁርስ ላይ የቤት አዛዧ የወንድም ወይም የእህት ልጅ ነበረች፤ ሣራ ትባላለች። ወዲያው ተዋደዱ። በሚቀጥለው ዓመት ተጋቡ። ከሦስት ሰዓት በፊት ሥራም ሚስትም አግኝቶ አደረ ማለት ነው!

ከዚያ በኋላ ዱኩ ገንዘብ ይሰጣል፣ ፓክስተን ይሠራል። በ1836 የተጀመረው ታላቁ የመስታወት ቤት 84 ሜትር ያህል ርዝመት፣ 37 ሜትር ያህል ስፋት ነበረው። ውስጡ በሠረገላ ይነዳበት ነበር። የሞቃት አገር ዛፎች እንዳይበርዳቸው ከሥሩ ምድጃዎች ይነዳሉ፤ የድንጋይ ከሰሉ ጎብኚ እንዳያይ በመሬት ውስጥ ዋሻ ይመጣል። በ1844 የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ 1ኛ ሊመጣ ይችላል ተባለ። ለእሱ ክብር በዓለም ከነበሩት ሁሉ የሚበልጥ ፋውንቴን ይሠራ ተባለ። ተራራው ላይ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተቆፈረ፤ ሥራው ሌሊት በመብራት ጭምር ይሠራ ነበር። ውሃው ያለ አንዳች ሞተር፣ ከከፍታው በሚወርድበት ጉልበት ብቻ፣ እስከ 90 ሜትር ወደ ላይ ተወረወረ። ኒኮላስ እንግሊዝ መጣ። ቻትስወርዝ ግን አልመጣም። ፋውንቴኑ እስከ ዛሬ “የንጉሠ ነገሥቱ ፋውንቴን” ይባላል።

በ1849 ደግሞ ፓክስተን ከአማዞን የመጣችውን ግዙፍ የውሃ ላይ አበባ በእንግሊዝ ለመጀመሪያ ጊዜ እንድታብብ አደረገ። ቅጠሏ ትንሽ ልጁን ተሸክማ ሳትሰጥም ቆመች። የቅጠሉን የጀርባ አጥንቶች አጥንቶ፣ የመስታወት ቤቶቹንም ልምድ ጨምሮ፣ ለ1851 የለንደን ታላቅ ኤግዚቢሽን ክሪስታል ፓላስን ነደፈ። ከ560 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የብረትና የመስታወት ሕንፃ ነው። ፓክስተን የ“ሰር” ማዕረግ አገኘ፣ በኋላም የፓርላማ አባል ሆነ። የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ሳይረግጥ።

ታላቁ የመስታወት ቤት ዛሬ የለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከሰል ጠፋ፣ ዛፎቹ በብርድ አለቁ፣ በ1920 በፈንጂ ፈረሰ። አንድ ጊዜ አልበቃውም፤ ደጋግመው ነው ያፈረሱት።

ካቨንዲሽ የሚባለው ሙዝ ከዚህ ቤተሰብ ጋር ግንኙነት አለው?

አለው፤ የተሰየመው በስድስተኛው ዱክ ነው። ፓክስተን በ1830ዎቹ በቻትስወርዝ የመስታወት ቤት ውስጥ አንድ አጠር ያለ የሙዝ ዓይነት አብቅሎ አፈራ። በአሠሪው ስም ተጠራ። ሚስዮናውያን ችግኙን ወደ ፓስፊክ ደሴቶች ወሰዱት። በ1950ዎቹ በዓለም ገበያ ላይ የነበረውን “ግሮ ሚሼል” የሚባል ዝርያ በሽታ ሲጨርሰው ካቨንዲሽ ቦታውን ያዘ፤ ምክንያቱም ያን በሽታ ይቋቋም ነበር። ዛሬ ከአገር አገር የሚሸጠው ሙዝ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። አሁን ደግሞ እሱንም የሚያጠቃ አዲስ የበሽታው ዓይነት መጥቷል።

ሳይንቲስቱ ሄንሪ ካቨንዲሽስ?

እሱም የዚሁ ቤት ልጅ ነው፤ የሁለተኛው ዱክ የልጅ ልጅ። ሃይድሮጅን ራሱን የቻለ ጋዝ መሆኑን በ1766 አሳየ። የመሬትን እፍጋት ለካ። በጣም ዓይነ አፋር ስለነበር ለሴት የቤት ሠራተኞቹ ትእዛዝ የሚሰጠው በወረቀት ነበር። በካምብሪጅ የሚገኘውን የካቨንዲሽ ላቦራቶሪ በገንዘቡ ያሠራው ግን ሰባተኛው ዱክ ነው፤ በ1874 ተከፈተ። ኤሌክትሮን የተገኘው፣ የዲኤንኤ ቅርጽም የታወቀው እዚያ ነው።

ከኬኔዲ ቤተሰብ ጋርስ ምን አገናኛቸው?

ፍቅር። የአሥረኛው ዱክ የመጀመሪያ ልጅና ወራሽ ቢሊ የጆን ኤፍ. ኬኔዲን እህት ካትሊንን ወደደ። እሱ ፕሮቴስታንት፣ እሷ ካቶሊክ። የሁለቱም ወገን ቤተሰብ ተቸገረ፤ የልጅቷ እናት በተለይ። በግንቦት 1944 በመዘጋጃ ተጋቡ። በመስከረም ቢሊ ቤልጅየም ውስጥ በጦር ሜዳ ተገደለ። ካትሊን በ1948 በፈረንሳይ በአውሮፕላን አደጋ ሞተች። የተቀበረችው ከቻትስወርዝ አጠገብ፣ ኤደንሰር መንደር ቤተ ክርስቲያን ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በሰኔ 1963 በሄሊኮፕተር መጥቶ መቃብሯን ጎበኘ፤ እሱ ራሱ ከመገደሉ አምስት ወር በፊት ነው።

በ1950 ቤቱ ሊጠፋ ነበር የሚባለው ለምንድን ነው?

በውርስ ግብር ምክንያት። ቢሊ ሲሞት ወራሽነቱ ለታናሽ ወንድሙ ለአንድሪው ዞረ። አባቱ አሥረኛው ዱክ ብልህ ሰው ነበር፤ በ1946 ንብረቱን በቁሙ ወደ ልጁ አዞረ። የዚያን ጊዜ ሕግ እንዲህ ይል ነበር፤ ሰጪው ንብረቱን ካስተላለፈ በኋላ አምስት ዓመት በሕይወት ከቆየ ግብሩ አይነካውም። ዱኩ በኅዳር 1950 በድንገት አረፈ። ጥቂት ሳምንታት ቢቆይ ኖሮ ጊዜው ይሞላ ነበር። ግብሩ 80 በመቶ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ዱኩ ሲሞት ያከመው ሐኪም ጆን ቦድኪን አዳምስ ይባላል። ይህ ሐኪም በ1957 በሌላ ታካሚው ግድያ ተከስሶ ነፃ ወጥቷል። በሐሜት ግን ብዙ ይባልበት ነበር።

አንድሪውና ሚስቱ ዴብራ ምን አደረጉ? ሸጡ። በስኮትላንድ ያለው ሰፊ መሬት ተሸጠ። የቤስ ሃርድዊክ ሆል ለመንግሥት ተሰጠና ከዚያ ናሽናል ትረስት የሚባለው የቅርስ ማኅበር ተረከበው። ሆልባይን የሣለው የሄንሪ 8ኛ ትልቅ ንድፍ፣ የሬምብራንት ሥዕል፣ በአሥረኛው ክፍለ ዘመን በወርቅ ያጌጠ የጸሎት መጽሐፍ፣ ሁሉም በግብር ምትክ ወደ ሕዝብ ሙዚየሞች ገቡ። ከግብር ሰብሳቢው ጋር የነበረው ድርድር ራሱ 17 ዓመት ወሰደ።

ብዙ ሰው ይህንን እንደ ውድቀት ያየዋል። በእኔ እይታ ቻትስወርዝን ያዳነው ይህ ሽያጭ ነው። በዚያው ዘመን ባለቤቶቹ አንዲት ዕቃ አናስነካም ብለው በመጨረሻ ቤቱንም ያጡ፣ ግንቡንም ያስፈረሱ ቤተሰቦች እንግሊዝ ውስጥ በመቶዎች ይቆጠራሉ። ካቨንዲሾች ደግሞ ለሽያጭ አዲስ አልነበሩም። ዘጠነኛው ዱክም በጊዜው ውድ መጻሕፍት ሸጧል፤ ለንደን ያለው ዴቮንሺር ሃውስም ተሸጦ በ1924 ፈርሷል። በየጊዜው የቱን ለቆ የቱን እንደሚያዝ መምረጥ ለምዶባቸዋል።

በጦርነቱ ጊዜ ቤቱ ምን ነበር?

የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት። ወታደር ከመጣ ቤቱ እንደሚጎዳ አሥረኛው ዱክ አውቆታል። ስለዚህ በ1939 ከዌልስ ፔንሮስ ኮሌጅ የሚባል ትምህርት ቤት እንዲገባ አደረገ። ወደ 300 የሚሆኑ ሴቶች ልጆች ለነገሥታት እንግድነት በተሠሩት አዳራሾች አልጋ ደርድረው ተኙ። በ1946 ወጡ። ወታደሮች የገቡባቸው ሌሎች ትልልቅ ቤቶች የደረሰባቸውን ጉዳት ላየ፣ ዱኩ እዚህም ላይ ብልህ ነበር።

አሁን ቤቱ የማን ነው? ቤተሰቡ ይኖርበታል?

ይኖርበታል፣ ግን አሠራሩ ተቀይሯል። በ1981 “ቻትስወርዝ ሃውስ ትረስት” የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት ተቋቋመ። መነሻ ገንዘቡ የተገኘው ከጥበብ ሥራዎች ሽያጭ ነው፤ ከተሸጡት አንዱ የፈረንሳዊው ሠዓሊ የፑሳን ሥዕል ነው። ድርጅቱ ቤቱን፣ ዋና ዋና ዕቃዎቹንና የአትክልት ቦታውን ለ99 ዓመት ተከራየ። ኪራዩ በዓመት አንድ ፓውንድ ነው። ቤተሰቡ ደግሞ ለሚኖርባቸው ክፍሎች ለድርጅቱ በገበያ ዋጋ ኪራይ ይከፍላል። ከጎብኚ የሚገኘው ገንዘብ ለዱኩ ኪስ ሳይሆን ለቤቱ ጥገና ነው የሚውለው።

የዴብራ ድርሻ እዚህ ላይ መነሳት አለበት። ዶሮ የምትወድ፣ ንግድ የሚገባት ሴት ነበረች። በ1977 የእርሻውን ሥጋና ሌሎች ምርቶች በቀጥታ የሚሸጥ ሱቅ ከፈተች። ያን ጊዜ ዱቼስ፣ ማለትም የዱክ ሚስት፣ ሱቅ ከፈተች ተብሎ ጉድ ተባለ። ሱቁ ዛሬም ይሠራል። እሷ በ2014 በ94 ዓመቷ አረፈች፤ ባሏ በ2004 ቀድሟት ነበር። ከእሱ በኋላ ልጃቸው ፔሪግሪን አሥራ ሁለተኛ ዱክ ሆነ።

አሁንም ይሸጣሉ?

አዎ። በ2010 ሰገነቱና መጋዘኑ ውስጥ ለትውልዶች የተከማቸ ዕቃ በጨረታ ተሸጠ፤ ከፈረሱ ቤቶቻቸው ተነቅለው የመጡ የእሳት ምድጃ ድንጋዮችና በሮች ሳይቀሩ። በ2012 ራፋኤል በጠመኔ የሣለው የአንድ ወጣት ሐዋርያ ራስ ወደ 30 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ ተሸጧል። አንዲት ወረቀት ናት። በሌላ በኩል በ2018 የተጠናቀቀው የቤቱ እድሳት 32 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጅቷል። የጠቆረው ድንጋይ ታጠበ፣ የመስኮቶቹ ፍሬም በወርቅ ቅጠል ተለበጠ።

ለመጎብኘት ካሰብኩ ምን እንዳያመልጠኝ?

የሙዚቃ ክፍሉን። በሩ ላይ ቫዮሊን ተንጠልጥሏል። ቫዮሊን አይደለም፣ ሥዕል ነው። ቀርባችሁም ካያችሁት በኋላ ዓይናችሁ ማመን አይፈልግም። አትክልቱ ውስጥ ደግሞ የመዳብ ዛፍ አለ፤ ከቅርንጫፎቹ ውሃ ይረጫል። ልዕልት እያለች በ1832 የጎበኘችው ቪክቶሪያ ያን ዛፍ በጣም ወዳው ነበር፤ ዕድሜዋ 13 ነው። የአንደኛው ዱክ የደረጃ ፏፏቴ ከመሄዳችሁ በፊት መሥራቱን አረጋግጡ፤ ዕድሜው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ስለሆነ ለጥገና ሊዘጋ ይችላል።

ቅርብ ያለው ትልቅ የባቡር ጣቢያ ቼስተርፊልድ ነው፤ ከለንደን ሁለት ሰዓት ያህል። ቤቱና አትክልቱ ቲኬት አላቸው፤ ኢንተርኔት ላይ ቀድሞ መግዛት ይሻላል። በጎች የሚግጡበት ዙሪያውን ያለው ሰፊ መስክ ግን በእግሩ ለሚመጣ ክፍያ የለውም። ጊዜ ካላችሁ ወንዙን ተሻግራችሁ ኤደንሰር ድረስ ሂዱ። ፓክስተንም፣ ካትሊን ኬኔዲም፣ አንድሪውና ዴብራም የተቀበሩት እዚያ ነው።